በሎክሳ ወንዝ ዳር

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» የሚለው ተረት ባለፈው ሐምሌ በሰው አገር ወንዝ ዳር ትዝ አለኝ። ሞንታናንና አይዳሆን ከሚያዋስነው ከሎሎ በር፣ 20 ኪሎ ጓዝ በብስክሌቴ ጭኜ በማለዳ ቁልቁል ወረድኩ። ሥፍራው 1,595 ሜትር ከፍታ ስላለው በሐምሌም ቢሆን ጧቱ ፍሬን የያዘ ጣት ያደነዝዛል።

ከፓወል ጀምሮ መንገዱና የሎክሳ ወንዝ ጎን ለጎን ይጓዛሉ። እስከ ሎዌል መንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሱቅም ነዳጅ ማደያም የለም። «ሎክሳ» በአገሬው ቋንቋ «ኃይለኛ ውኃ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው ሕግ ገና ከመነሻው ጥብቅ ካደረጋቸው ወንዞች አንዱ በመሆኑ ግድብ አልተሠራበትም፤ ከቋጥኝ ቋጥኝ እየተላተመ እንደልቡ ይወርዳል።

እኩል መንገድ ላይ ግንድ የጫነ ከባድ መኪና ሲያልፈኝ ነፋሱ ከአስፋልቱ ገፍቶ አወጣኝ። አልወደቅኩም፤ የኋላ ጎማዬ ግን ተነፈሰ። ቀዳዳውን ለጠፍኩት፤ ፖምፓዬ አልሠራ አለ። ስልኬም አይሠራም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ መኪናቸውን አቆሙ። የኔዝ ፐርስ ነገድ ተወላጅ ናቸው። በእሳቸው ፖምፓ ጎማውን እየነፋን ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«መቼ ትመለሳለህ?» አሉኝ።

ለዓመታት ሰው ይህን ሲጠይቀኝ «በሚመጣው ዓመት» እል ነበር። ለእኚህ ሰው ግን መዋሸት አቃተኝና ዝም አልኩ። እሳቸውም ወደ ተራራው እያሳዩ የአያቶቻቸውን ታሪክ አወጉኝ። እ.ኤ.አ. በ1877 ከ700 የሚበልጡ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት የአሜሪካ ጦር እያሳደዳቸው በዚያ ተራራ ጀርባ ሸሹ። ካናዳ ለመግባት 64 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራቸው ብዙዎቹ ተያዙ። አለቃቸው ጆሴፍ ወደ ትውልድ ሸለቆው ወደ ዋሎዋ ተመልሶ እንዲኖር ሳይፈቀድለት፣ እ.ኤ.አ. በ1904 በሰው መሬት ሞተ።

«ዛሬስ ማደሪያህ የት ነው?» አሉኝ ፖምፓቸውን እየሰበሰቡ።

«ሎዌል ነው፣ አባቴ።»

«እንግዲያው ቁልቁለት ነው፤ ትደርሳለህ።»

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ደረስኩ። እዚያ ሎክሳ ከሰልዌይ ጋር ተገናኝቶ ስሙን ይለውጣል፤ ክሊርዎተር ይባላል። ድንኳኔን ተክዬ ውኃውን ሳዳምጥ አደርኩ። ማደሪያስ አገኘሁ። የሽማግሌውን ጥያቄ ግን እንደ ግንዱ ይዤው እዞራለሁ።