የጺም ዕድሜ፦ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ጺም የሚነበብበት ባህላዊ ሥርዓት

መግቢያ

በወገዳ፣ በነፋስ መውጫ ወይም በመካነ ኢየሱስ ገበያ መካከል የቆመ እንግዳ ጺማቸውን ያሳደጉ ወንዶችን ሲያይ ሁሉንም «ጺማም» በሚል አንድ ስም ሊጠራቸው ይችላል። የአገሩ ሰው ግን እንዲህ አያደርግም። አንዱን «የኔታ» ብሎ እጅ ይነሣል፤ ሌላውን «እግዜር ያጥናህ» ብሎ ያጽናናል፤ ሦስተኛውን «ሼህ» ብሎ በአክብሮት ሰላም ይላል፤ አራተኛውን ደግሞ ከወዴት እንደመጣ ሳያጣራ አያልፍም። ጺሙ ከሩቅ ሲታይ ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ ንባቡ እንዲህ የሚለያየው ለምንድን ነው?

ይህ አጭር ጽሑፍ ለጥያቄው አንድ መልስ ያቀርባል። በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ወረዳዎች፣ በሰፊውም በአማራው ገጠር፣ የጺም ትርጉም የሚወሰነው በርዝመቱ ወይም በቅርጹ ሳይሆን በዕድሜው ነው። ጺሙ መቼና በምን ምክንያት ማደግ ጀመረ? መቼስ ይላጫል? ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ ሰውየውን መነኩሴ፣ ሐዘንተኛ ወይም ባለስለት ያደርገዋል።

ስሙና ቃሉ

በግእዝ ጺም «ጽሕም» ይባላል። ሐመሩ «ሕ» በአማርኛ ሲዋጥ «ጺም» ተገኝቷል፤ «ጸ» ወደ «ጠ» ሲለወጥ ደግሞ «ጢም» ሆኗል። ይህ ለውጥ በዚህ ቃል ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ «ጸጉር» እና «ጠጉር» የሚሉት ቅርጾችም የዚሁ ሕግ ውጤቶች ናቸው። ከላይኛው ከንፈር በላይ የሚበቅለው «ሪዝ» የሚል የራሱ ስም አለው።

ከእኅት ቋንቋዎች ጋር ሲነጻጸር አንድ ልዩነት ይታያል። በዕብራይስጥ «ዛቃን» ጺም፣ «ዛቄን» ሽማግሌ ማለት ሲሆን ሁለቱም ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። በአማርኛ ግን ሽምግልናን የሚያመለክተው ጺም ሳይሆን ሽበት ነው፤ ቃሉም ከግእዙ «ሢበት» ጋር ይዛመዳል። የሽማግሌ ክብር የሚነገረው «ሽበቱን አክብረህ» ተብሎ እንጂ «ጺሙን አክብረህ» ተብሎ አይደለም። ስለዚህ ጺም ዕድሜን ለመግለጽ ሽበትን ይጠብቃል፤ ሳይሸብት የረዘመ ጺም ግን ሌላ ማብራሪያ ይጠይቃል። ማብራሪያውም በሦስት ይከፈላል።

ማብቂያ የሌለው ጺም

የመጀመሪያው የካህኑና የመነኩሴው ጺም ነው። መነሻው በመጽሐፍ የተደነገገ ነው፤ ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 የጺምን ዳር መላጨት ይከለክላል፤ መዝሙር 132 ስለ ወንድማማቾች አንድነት ሲናገር በአሮን ጺም ላይ የሚወርደውን ቅባት በምሳሌነት ያነሣል። ዲድስቅልያም ወንዶች ጺማቸውን እንዳያጠፉ ይመክራል። የላቲኑ ዓለም ካህናት በመካከለኛው ዘመን ጺማቸውን መላጨት ሲያዘወትሩ፣ የምሥራቁ አብያተ ክርስቲያናት ማሳደጉን ጠብቀው ቆይተዋል፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም ከእነዚህ ወገን ናት።

ጋይንት ይህን ለመመልከት የተመቸ አገር ነው። ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ በመሆናቸው ከየአውራጃው ተማሪዎች ሲጎርፉባቸው ኖረዋል። የቆሎ ተማሪው ራሱን ተላጭቶ፣ ለምዱን ደርቦ፣ ኮዳውን ይዞ ለልመና ይወጣል፤ መምህሩ በጥምጣሙ ሥር ጺሙን ዘርግቶ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። በሁለቱ ፊት መካከል ያለው ርቀት የትምህርት ዓመታት ርቀት ነው። የመምህሩ ጺም የሚላጭበት ቀን አልተቀጠረለትም፤ አብሮት ይቀበራል።

ሥዕላቱም ይህንኑ ያጸናሉ። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ እንደሚታየው፣ ቅድስት ሥላሴ ጸጉራቸውና ጺማቸው የነጣ፣ በመልክ አንድ የሆኑ ሦስት አረጋውያን ሆነው ይሣላሉ፤ ምንጩም በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 7 የተገለጸው «ብሉየ መዋዕል» ነው። ወሩ በገባ በአምስተኛው ቀን የሚታሰቡት አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ደግሞ ረጅም ጺማቸውና ገላቸውን የሸፈነው ጸጉራቸው ልብስ ሆኗቸው በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመው ይታያሉ። በእነዚህ ሥዕላት ጺም ማጌጫ አይደለም፤ በፊተኛው ሥዕል ዘመን የማይቆጠርለትን አምላክ፣ በኋለኛው ዓለምን ፈጽሞ መተውን ያመለክታል።

በአካባቢው በሚኖሩ ሙስሊሞች ዘንድም ጺም ማሳደግ የነቢዩን ፈለግ መከተል ነው። የሪዙ ማጠር፣ የጺሙ መርዘም፣ በአንዳንድ አረጋውያን ዘንድም በሒና መቅላቱ ከካህኑ ጺም ይለየዋል። ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው ግን ቃል ኪዳኑ ዕድሜ ልክ መሆኑ ነው።

ቀን የተቆረጠለት ጺም

ሁለተኛው የሐዘን ጺም ነው። የቅርብ ዘመዱ የሞተበት ወንድ ምላጭ ከፊቱ ያርቃል፤ ሴቶች ደግሞ በብዙ ቦታ ጸጉራቸውን ይላጫሉ። አንዱ ማሳደግ፣ ሌላው መላጨት ቢሆንም ሁለቱም የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ የዘወትሩ ሥርዓት ፈርሷል። የሐዘኑ ቆጠራ በሠልስት ይጀምራል፤ ለብዙዎች ጺሙ እስከ አርባ ይቆያል፤ ሐዘኑ የጠናበትም ከዚያ ያልፋል።

የዚህ ጺም ጥቅም ማኅበራዊ ነው። ሐዘንተኛው በየመንገዱ ለሚያገኘው ሁሉ የደረሰበትን ከመዘርዘር ያድነዋል፤ ያልሰማ ሰው ፊቱን አይቶ «ምን አገኘህ?» ይለዋል፤ ሠርገኛ አይጋብዘውም፤ ባለዕዳም ያጣድፈዋል ተብሎ አይጠበቅም። ቀኑ ሲደርስ ጺሙን እንዲላጭ የሚገፋፉት ብዙውን ጊዜ ዘመዶቹና ሽማግሌዎች ናቸው። «ይበቃሃል» የሚለው ቃል ሐዘኑን አይክድም፤ ሰውየውን ወደ ሥራውና ወደ ጎረቤቱ ይመልሰዋል። ስለዚህ የሐዘን ጺም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማብቂያውን ይዞ ያድጋል።

ድርጊትን የሚጠብቅ ጺም

ሦስተኛው ማብቂያው በቀን ሳይሆን በድርጊት የተወሰነ ነው። ደም ያልመለሰ ሰው፣ የተሳለ ሰው፣ ዱር የገባ ሰው የልቡ እስኪደርስ ድረስ አይላጭም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ፋሺስት ጣሊያንን የተዋጉት አርበኞች በፎቶግራፍ የሚታወቁት በጎፈሬያቸውና በጺማቸው ነው። «ጎፈሬ» የሚለው ስም ራሱ የአንበሳን ጋማ ከሚያመለክተው «ጎፈር» ጋር የተያያዘ ነው። በዱር ምላጭና ጊዜ ማጣት አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከነጻነት በፊት ላለመላጨት ስለ መማል የሚነገረው ትረካ ችግሩን ወደ ምልክት ለውጦታል። በየዓመቱ ሚያዝያ 27 በሚከበረው የአርበኞች ቀን አረጋውያኑ ጎፈር ደፍተው፣ ሜዳሊያ አንጠልጥለው ሲሰለፉ የነጣው ጺማቸው የዚያ ዘመን ምስክር ነበር።

ይህ ጺም ለመንግሥት ዓይን ሁልጊዜ አሻሚ ነው፤ ያው ፊት ዛሬ ሽፍታ፣ ነገ አርበኛ ሊባል ይችላልና። ሥልጣን በፊት ላይ የሚበቅለውን ለመቆጣጠር መሞከሩም የኢትዮጵያ ብቻ ታሪክ አይደለም። የሩሲያው ታላቁ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1698 ከአውሮፓ ጉዞው ሲመለስ የመኳንንቱን ጺም አስላጭቷል፤ በኋላም ጺሙን ማቆየት የፈለገ ግብር እንዲከፍል አድርጓል። በእኛ አገር የአፄ ዮሐንስ፣ የአፄ ምኒልክና የአፄ ኃይለ ሥላሴ ምስሎች ሁሉ ከጺም ጋር የተያያዙ ናቸው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የዘውዱ ዘመን ሙሉ ጺም ከመሪዎች ይፋዊ ምስል ጠፋ፤ የተላጨ ፊት የቢሮና የሥርዓት መለኪያ እየሆነ ሄደ።

ንባቡ ሲሳሳት

የጺምን ዕድሜ አለማንበብ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አንድ ሐዘንተኛ ለጉዳይ ከሄደበት መሥሪያ ቤት «ጺምህን ተላጭተህ፣ ሰው መስለህ ና» ተብሎ ሲመለስ ተመልክቷል። አባቱን ከቀበረ ገና ሦስት ሳምንት አልሞላውም ነበር። ሠራተኛው ያየው ርዝመቱን ብቻ ነው። ሰውየው ተላጭቶ ቢመለስ በመንደሩ አባቱን የረሳ ይባላል፤ ባይላጭ ጉዳዩ አይፈጸምለትም። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 10 የአሞን ንጉሥ የዳዊትን መልእክተኞች ጺም በግማሽ ባስላጨ ጊዜ ዳዊት ጺማቸው እስኪያድግ በኢያሪኮ እንዲቆዩ አዟቸዋል። የመልእክተኞቹን ኀፍረት የተረዳ ንጉሥ ጊዜ ሰጣቸው፤ የቢሮው ሥርዓት ግን ጊዜ አልሰጠም።

ስሕተቱ በተመራማሪም ላይ ይደርሳል። የቆየ ፎቶግራፍ ሲመዘገብ «ጺማም ገበሬ» ተብሎ የሚጻፈው ሰው ሐዘንተኛ ወይም ባለስለት ሊሆን ይችላል። ፎቶግራፍ አንድን ቅጽበት ስለሚይዝ የጺሙን መጀመሪያና መጨረሻ አያሳይም፤ ይህን ሊሞላ የሚችለው ምስሉ የተነሣበት ቀንና የቤተ ሰቡ ቃል ነው።

ጸጉር ከሰው ተለይቶም ሰው መሆኑን የሚያስታውስ አንድ ጉዳይ እዚሁ አገር ይጀምራል። መናገሻቸውን ደብረ ታቦር ያደረጉት አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ ከጸጉራቸው ተቆርጦ ወደ እንግሊዝ ተወስዷል። ለንደን የሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ጸጉሩን ለኢትዮጵያ ያስረከበው በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ነው፤ ያስረከበውም እንደ ሰው አካል ቅሪት ቆጥሮት ነው። ለአንድ ምዕተ ዓመት ተኩል የጦር ማስታወሻ የነበረው፣ በትክክል ሲነበብ ገና ያልተቀበረ አካል ሆኖ ተገኘ።

ማጠቃለያ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ጺም በሦስት የጊዜ ስሌት ያድጋል፤ ለዕድሜ ልክ፣ ለተቆረጠ ቀን፣ ለሚጠበቅ ድርጊት። ዛሬ በየከተማው ጸጉር ቤት ለውበት የሚስተካከለው የወጣቶች ጺም በእነዚህ ላይ የተጨመረ አራተኛ ዓይነት ነው፤ ይህኛው መጀመሪያውም መጨረሻውም የባለቤቱ ፈቃድ ነው። አራቱ በአንድ ገበያ ጎን ለጎን ሲቆሙ የማንበቡ ሥራ ይከብዳል፤ የስሕተቱም ዋጋ ይጨምራል። ለተመራማሪም ለጉዳይ አስፈጻሚም የሚቀድመው ጥያቄ «ለምን አልተላጨህም?» ሳይሆን የአገሬው ሰው ጎረቤቱን የሚጠይቀው «ምን አገኘህ?» የሚለው ነው።