ስለ ፕሮክሲ አድራሻ በራሱ መለዋወጥ

በብዙ ኮሌጆችና መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተር ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው በቀጥታ ሳይኾን ፕሮክሲ በሚባል አማካይ ሰርቨር በኩል ነው። ፕሮክሲውም የተጠቃሚውን ጥያቄ ተቀብሎ ያደርሳል፤ መልሱንም ያመጣለታል። ችግሩ የሚነሣው ተማሪው ላፕቶፑን ይዞ ወደ ቤቱ ሲኼድ ነው። በኮሌጅ የተጻፈው አድራሻ በቤት መረብ ውስጥ ስለማይገኝ አንድም ገጽ አይከፈትም። አድራሻውን ቢያጠፋው ደግሞ በማግሥቱ እንደ ገና መጻፍ ግዴታ ይኾንበታል። ታዲያ ይህ መለዋወጥ በራሱ እንዲፈጸም ማድረግ ይቻላልን?

ለዚህ መፍትሔ ያበጀው የኔትስኬፕ ኩባንያ ሲኾን፥ ጊዜውም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1996 ዓ. ም. ነው። መፍትሔውም ፓክ የሚባል በጃቫስክሪፕት የተጻፈ አጭር ፋይል ነው። ብራውዘሩ አንድ ገጽ ከመክፈቱ በፊት የገጹን አድራሻ ለዚህ ፋይል ያቀርባል፤ ፋይሉም «በቀጥታ ኺድ» ወይም «በዚህ ፕሮክሲ በኩል እለፍ» ሲል ይመልሳል።

ፋይሉ መረቡን የሚለይበት መንገድ ከአንድ በላይ ነው። አንደኛው የኮምፒውተሩን የቁጥር አድራሻ መመልከት ነው፤ ነገር ግን በ10 ወይም በ192.168 የሚጀምሩ ቁጥሮች በኮሌጅም በቤትም ስለሚያገለግሉ ሊያሳስት ይችላል። ኹለተኛው በኮሌጁ መረብ ውስጥ ብቻ የሚታወቅ ስም መኖሩን መጠየቅ ነው፤ ይኸውም ከፊተኛው ይልቅ አስተማማኝ ነው። ከዚህም ሌላ «መጀመሪያ ፕሮክሲውን ሞክር፤ ካልተገኘ በቀጥታ ኺድ» የሚል ትእዛዝ መጻፍ ይቻላል።

ፋይሉ የሚገኝበትንስ ቦታ ለብራውዘሩ ማን ይነግረዋል? ተጠቃሚው ራሱ ሊጽፈው ይችላል፤ ወይም ደብሊውፓድ በሚባለው ሥርዐት መረቡ ራሱ በዲኤችሲፒ 252ኛ አማራጭ ወይም በዲኤንኤስ ስም ይጠቁመዋል። ይህ ምቹ ቢኾንም አደጋ አለበት። በማያውቁት ዋይፋይ ላይ ክፉ አሳብ ያለው ሰው የራሱን ፋይል ሊያቀብልና የተጠቃሚውን መንገድ በእጁ ሊያስገባ ይችላልና። በ2016 ዓ. ም. (እ. ኤ. አ.) የአሜሪካ መንግሥት የኮምፒውተር ደኅንነት ክፍል ከዚሁ ሥርዐት ጋር ስለ ተያያዘ አደጋ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር።

ስለዚህ ላፕቶፑን ይዞ ከቦታ ቦታ ለሚዘዋወር ተማሪ የሚሻለው፥ በራስ ፍለጋውን ዘግቶ የታመነ የፓክ ፋይል አድራሻ በእጁ መጻፍ ይመስለናል። በዚህ ዐይነት መለዋወጡ በራሱ ይፈጸማል፤ የመንገዱ ምርጫ ግን ለማይታወቅ ሰው አይተውም።