አስተማሪዎች ሻይ ላይ የሚያወሩት፦ የቤት ሲሙሌተር እና እውነተኛው ኮክፒት

ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ሲያበር የከረመ ሰልጣኝ ሳይነግረን እኛ የበረራ አስተማሪዎች ይታወቀናል። የሚያሳብቅበት ዓይኑ ነው። ሴስና 172 የምትባለዋ ትንሽ ማሠልጠኛ አውሮፕላን ከመሬት ተነስታ ሁለት ሺህ ጫማ ያህል እንደወጣች፣ ምንም የማያውቀው ጀማሪ አንገቱን አስግጎ ወንዙን፣ መንገዱን፣ የአክስቱን ሰፈር ይፈልጋል። የሲሙሌተሩ ልጅ ግን ውጭ የሚባል ነገር መኖሩንም ረስቶታል። ዓይኑ መለኪያዎቹ ላይ ተተክሏል፤ የከፍታዋ መርፌ ትንሽ ዝቅ ስትል ይስባል፣ ከፍ ስትል ይገፋል፣ እንደገና ይስባል። አውሮፕላኑ ሽቅብ ቁልቁል ሲል ደግሞ ጥፋቱን በነፋሱ ያሳብባል።

ይህን ለሰልጣኙ በግልጽ አንነግረውም። ሻይ ስንጠጣ ግን የምናወራው ስለ እሱ ነው። ወጣቶች ለአብራሪነት ሥልጠና ሲዘጋጁ ኮምፒውተር ላይ ወራትና ዓመታት እያጠፉ ስለሆነ፣ ወሬው ከሻይ ጠረጴዛው ቢወጣ ይጠቅማል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

በልጁ መፍረድ አይገባም። የኮምፒውተር ስክሪን ዓለምን የሚያሳየው በጠባብ መስኮት ነው። የክንፉ ጫፍ በጎን አይታይም፣ አድማሱ ከግራ እስከ ቀኝ አይዘረጋም፣ የመሬቱ መቅረብም በዓይን ጥግ አይሰማም። ቤት ውስጥ ልክ የሆነ መረጃ የሚሰጠው መለኪያው ብቻ ስለነበር እሱን አመነ። እውነተኛው ሰማይ ላይ ግን፣ በጠራ አየር፣ የጀማሪ አብራሪ ዋና መለኪያ አድማሱ ነው። ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሌላ ትንሽ አውሮፕላን አይቶ የሚያድነውም ዓይኑ ነው። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ መለኪያዎቹን በካርቶን ቁራጭ መሸፈን፣ ስክሪን የተገጠመለት አውሮፕላን ከሆነም ብርሃኑን እስከ መጨረሻ ማደብዘዝ። ያኔ የሚደነግጠው ድንጋጤ! ትንሽ ቆይቶ ግን የሞተሩን ድምፅ እየሰማ፣ አፍንጫው ከአድማሱ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ እያየ፣ ቀጥ ብሎ መብረር ይጀምራል።

ከዓይን ቀጥሎ እጅ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነውና።

የቤት መዘውር ውስጡ ስፕሪንግ ነው። ሲለቁት ሁልጊዜ ወደ መሀል ይመለሳል። እውነተኛው መዘውር ላይ እጅ የሚሰማው ግፊት ግን የሚመጣው ከአየሩ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ይጠነክራል፣ ሲቀንስ ይላላል፣ ክንፉ አየሩን ሊለቅ ሲቃረብ ደግሞ ጭራሽ ይልፈሰፈሳል። ይህ መላላት ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሲሙሌተሩ አላስተማረውም። ትሪም የምትባለዋ ትንሽ መንኰራኩር ሥራዋ ያንን ግፊት ከእጅ ላይ ማንሳት ነው። ቅደም ተከተሉም ግልጽ ነው፦ በመዘውሩ አፍንጫውን የሚፈለገው ቦታ ታስቀምጣለህ፣ እዚያው ትይዘዋለህ፣ ከዚያ ክብደቱ ከእጅህ እስኪጠፋ ድረስ ትሪሟን ታዞራለህ።

ቤቱ የተማረው ሰልጣኝ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። ግራ እጁ መዘውሩን አንቆ ይዟል። ቀኝ እጁ ከሞተሩ ጉልበት መቆጣጠሪያ (ስሮትል) ወርዶ ትሪሟን በትንሹ ወደ ላይ፣ በትንሹ ወደ ታች ይነካካል። አውሮፕላኑን የሚነዳው በትሪም ነው ማለት ነው። ስፕሪንግ ያለው መዘውር ላይ ይህ ይሠራ ነበር፤ እዚህ ግን አውሮፕላኑ ሁልጊዜ ዘግይቶ ስለሚመልስለት ማሳደዱ አያልቅም። በዚያች ሰዓት የአውሮፕላኑ ኪራይም፣ የነዳጁም፣ የእኔም ክፍያ እየቆጠረ ነው። ከእኛ ወገን ይህን የሚነግርህ ብዙ የለም፤ ለምን ቢባል፣ ልማዱን ለማስረሳት የሚጠፋውም ሰዓት ይከፈልበታል።

እግርም አለ። ሞተሩ ሙሉ ጉልበት ላይ ሆኖ ስትነሳ የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወደ ግራ ይሳባል፤ ፕሮፔለሩ የሚያሽከረክረው አየር፣ የሞተሩ ጥምዘዛና ወደ ላይ ሲወጣ በስተቀኝ የሚወርደው የፕሮፔለር ምላጭ የበለጠ መሳቡ ተደማምረው ያመጡታል። መፍትሔው ቀኝ ፔዳል ነው። ቤት ውስጥ ብዙዎች ፔዳል የላቸውም፤ ፕሮግራሙ ራሱ የጭራውን መሪ (ራደሩን) ያስተካክልላቸዋል። ስለዚህ እግራቸው ወለሉ ላይ ተኝቶ ይመጣል፤ እኛም ቀኑን ሙሉ «ቀኝ እግር! ቀኝ እግር!» ስንል እንውላለን።

አሁን ደግሞ ለአዲስ አበባ ልጆች በተለይ። ሲሙሌተር ላይ ብዙው ሰው የሚለማመደው ከባሕር ጠለል ብዙም በማይርቅ የውጭ አገር ማኮብኮቢያ ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 7,625 ጫማ ገደማ ላይ ነው ያለው። በዚህ ከፍታ ዓለም አቀፉ መደበኛ ሙቀት ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው። የአዲስ አበባ ቀን 20 ዲግሪ ሲሆን አየሩ ይሳሳና አውሮፕላኑ ወደ 10,000 ጫማ የወጣ ያህል ይሆናል፤ ገና ከመሬት ሳይነሳ! ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያ አየር ውስጥ የሚሰጠው ጉልበት ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሰጠው 70 በመቶ አካባቢ ነው። ነዳጁን ከአየሩ ጋር የሚያመጣጥነው፣ ሚክስቸር የሚባለው ቀይ እጀታ እስከ መጨረሻ ተገፍቶ ከተተወ ደግሞ ሞተሩ በነዳጅ ብዛት ይታነቅና ያቺኑ ጉልበት ይቀንሳል። ከመነሳት በፊት እጀታው ወደ ኋላ ተስቦ ነዳጁ መቀነስ አለበት። ሲሙሌተሩ ላይ «ራስ ሠር ሚክስቸር» የሚለው ምርጫ በርቶ የኖረ ልጅ ቀዩን እጀታ እንደ ጌጥ ነው የሚያየው።

ማረፊያው ላይም ጣጣ አለ። የፍጥነት መለኪያው 65 ኖት ሲያሳይ፣ በዚያ በሳሳ አየር አውሮፕላኑ በእውነት የሚሄደው ወደ 76 ኖት ነው። መሬቱ ስክሪን ላይ ከለመደው በላይ ሲሮጥ ያየው ሰልጣኝ «ፈጠንኩ» ብሎ አፍንጫውን ይስባል። መለኪያው ትክክል ነበር፤ እሱ ሲስብ ግን ክንፉ የሚፈልገውን ፍጥነት ያጣል። ከማኮብኮቢያው ቅርብ ሆኖ ፍጥነት ማጣት ደግሞ በትንንሽ አውሮፕላን ሰው ከሚሞትባቸው መንገዶች አንዱ ነው። ፍሬን ይዞ ለማቆም የሚፈጀውም ርቀት በሲሶ ያህል ይረዝማል። ቦሌ ባለው፣ ወደ አራት ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ማኮብኮቢያ ላይ ይህ ለሴስና አያስጨንቅም፤ አጭር የገጠር ሜዳ ላይ ግን ያስጨንቃል።

የሚገርመው፣ ሲሙሌተሩ ይህን በደንብ ማስተማር ይችላል። አየሩን 20 ዲግሪ ላይ አድርግ፣ ራስ ሠሩን ሚክስቸር አጥፋ፣ ነዳጁንና ክብደቱን እኩል አድርግ። መጀመሪያ ከጅቡቲ ተነሳ፤ እዚያ አውሮፕላን ማረፊያው ከባሕሩ ብዙም አይበልጥም። ከዚያ ያንኑ አውሮፕላን ይዘህ ከቦሌ ተነሳ። መሬት ለመልቀቅ ምን ያህል እንደሮጥክ፣ በደቂቃ ስንት ጫማ እንደወጣህ ሁለቱንም ጻፍ። ይህን ሠርቶ የመጣ ሰልጣኝ ስለ አየር መሳሳት ክፍል ውስጥ ስናስተምር አያንቀላፋም።

ስለዚህ ሲሙሌተሩን ጣሉት እያልኩ አይደለም። መሣሪያው ጥንትም ስሙን ያገኘው በሌላ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 አሜሪካዊው ኤድዊን ሊንክ በስሙ የሚታወቀውን የበረራ ማሠልጠኛ ሲሠራ፣ ያባቱ ፋብሪካ ከሚሠራቸው ኦርጋኖች የአየር መንፊያ ወስዶ ነበር። ለዓመታት የመዝናኛ ቦታ ጨዋታ ሆኖ ቆየ። በ1934 መጀመሪያ ወራት የአሜሪካ ጦር ፖስታ እንዲያመላልስ ታዞ አብራሪዎቹ በመጥፎ አየር ውስጥ ተራ በተራ ሲሞቱ ግን ጦሩ ከሊንክ ማሠልጠኛዎች ስድስቱን ገዛ። የገዛቸው ማረፍ ለማስተማር አልነበረም፤ ደመና ውስጥ ውጭው ሲጠፋ በመለኪያ ብቻ መብረርን ለማለማመድ ነበር።

ዛሬም ያው ነው። ሰልጣኙ የመጀመሪያ ፈቃዱን ይዞ ወደ መለኪያ በረራ ሲሸጋገር የሲሙሌተሩ ልጅ ሌሎቹን ጥሏቸው ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ የተነቀፈው ዓይን አሁን ሀብት ይሆናል። አይኤልኤስና ቪኦአር የሚባሉት የሬዲዮ መምሪያዎች፣ ሆልዲንግ የሚባለው አየር ላይ እየዞሩ ተራ መጠበቅ ለሌላው ራስ ምታት ናቸው፤ ለእሱ የቤት ሥራ ናቸው።

ሬዲዮም እንዲሁ። ጀማሪ ከታወር የሚመጣውን ንግግር ሲሰማ በመጀመሪያው ሳምንት አውሮፕላን ማብረሩን ይረሳል። ቫትሲም በሚባለው የበይነ መረብ ማኅበር ውስጥ በጎ ፈቃደኛ ተቆጣጣሪዎች በነጻ ያነጋግራሉ፤ ትእዛዝ ይሰጣሉ፣ ደግመህ ማንበብህን ይጠብቃሉ። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋችን ለሆነ ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ዓለም አቀፍ በረራ ለማድረግ የእንግሊዝኛ ደረጃ አራት የግድ ነውና። እንዲሁም ሞተር ቢጠፋ ምን እንደሚደረግ፦ ለ172ኤስ በሙሉ ክብደት 68 ኖት ይዞ መንሸራተት፣ ሜዳ መምረጥ፣ የነዳጁን መምረጫ፣ ሚክስቸሩን፣ ማግኔቶውን መፈተሽ። እጁ ሳያስብ የሚሄድለት ልጅ ቤቱ የሠራ ልጅ ነው።

የአሜሪካ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. በ2018 ቴክሳስ ውስጥ በኦስቲን 20 ሰልጣኞችን በምናባዊ እውነታ መነጽር አሠልጥኖ 13ቱን በዚያው ዓመት ነሐሴ አስመርቋል። ይህን እየጠቀሱ «አውሮፕላን ምን ያደርጋል፣ ኮምፒውተር ይበቃል» የሚሉ አሉ። ሰልጣኞቹ ግን አስተማሪ ነበራቸው፤ ቲ-6 የተባለውን እውነተኛ አውሮፕላንም አብርረዋል። በቤት ሲሙሌተር ያለው ችግር መሣሪያው ሳይሆን ብቸኝነቱ ነው። ስህተቱን የሚያይለት ሰው አጠገቡ የሌለ ልጅ፣ ስህተቱን ደጋግሞ ልማድ ያደርገዋል።

ስለ ሰዓት ደግሞ፣ አሜሪካ ያላችሁ ልብ በሉ። በፌዴራሉ የአቪዬሽን አስተዳደር ደንብ ለግል አብራሪነት ፈቃድ በተለመደው የሥልጠና መንገድ ዝቅተኛው 40 ሰዓት ነው፤ ከዚህ ውስጥ በተፈቀደ ማሠልጠኛ መሣሪያ የሚያዘው 2.5 ሰዓት ብቻ ነው። ለመለኪያ በረራ ፈቃድ በመሠረታዊው መሣሪያ 10፣ በላቀው 20 ሰዓት ድረስ ይያዛል፤ ያውም አስተማሪ አጠገብ ሲኖር። መኝታ ቤት ያለው ኮምፒውተር ሰዓት ዜሮ ነው። «የእኛ ሲሙሌተር ይቆጠራል» የሚል ትምህርት ቤት ቢያጋጥም፣ ከመክፈል በፊት ከአስተዳደሩ የተሰጠውን የፈቃድ ደብዳቤ አሳዩኝ ማለት ነው። ያለው ያሳያል።

ለመግዛት ያሰበ ሰው ከሁለተኛ ስክሪን በፊት ፔዳል ይግዛ። ጄቱን ይተወውና ሥልጠና የሚሰጥበትን ዓይነት ትንሽ አውሮፕላን ይጫን። ፖዝ የሚለውን ቁልፍ ይርሳ። ማረፍን አስተማሪው እስኪያሳየው ድረስ ለብቻው ባይደጋግመው ይሻላል። ሥልጠናው ከተጀመረ በኋላ ግን ማታ ማታ የዕለቱን ትምህርት፣ የነገውን መንገድ በሲሙሌተር መድገም ከምንም በላይ ገንዘብ ይቆጥባል። እና የመጀመሪያው ቀን «ቤቴ 787 አሳርፋለሁ» አይባልም፤ እኛ ፈገግ ብለን እናልፈዋለን፣ ሻይ ላይ ግን አናልፈውም።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር። አየር መንገድ ለመብረር የሚያስብ ሰው የአንደኛ ደረጃ የአቪዬሽን ሕክምና የምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ዓይን፣ ቀለም መለየት፣ ጆሮ፣ ልብ ሁሉም ይታያሉ። ለመሣሪያ ብዙ ገንዘብ አውጥቶ፣ ዓመት ተለማምዶ፣ መጨረሻ ላይ ሐኪሙ ዘንድ የሚወድቅ ልጅ አለ። መዘውሩን ከመግዛትህ በፊት የተፈቀደለት የአቪዬሽን ሐኪም ዘንድ ሄደህ ታይ።