ለጥቂት ሰው ቤት የሚሆን ዕቃ አጣቢ

አሜሪካ ውስጥ ብዙ የሐበሻ ቤት ገብቶ የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑን የከፈተ ሰው የሚያገኘው በእጅ ታጥቦ እንዲንጠፈጠፍ የተደረደረ ሳህን ነው። ማሽኑ ውሃ ይፈጃል፣ መብራት ያስቆጥራል፣ ደግሞም አያጠራም የሚል ክስ አለበት። ለዓመታት ሳይሠራ ቆይቶ ጎማው ይደርቅና አንድ ቀን ውሃ ማፍሰስ ሲጀምር፣ ሌላ ይገዛ ወይስ ቦታው ካቢኔ ይሁን የሚል ክርክር ይነሳል። ለባልና ሚስት፣ ወይም አንድ ልጅ ላላቸው ቤተሰብ መልሴ ይገዛ ነው፤ ግን ትንሹም ውዱም አይደለም።

ከውሃው ክስ እንጀምር። በአሜሪካ ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው መለኪያ መደበኛ ማሽን በአንድ እጥበት ከ5 ጋሎን፣ ማለትም ከ19 ሊትር ገደማ በላይ ውሃ እንዲጠቀም አይፈቀድም፤ የዓመት የመብራት ፍጆታውም ከ307 ኪሎዋት ሰዓት ማለፍ የለበትም። የወጥ ቤት ቧንቧ ተለቆ ሲተው ይህን ያህል ውሃ በሦስት ደቂቃ አካባቢ ያወርዳል። ምስጢሩ ማሽኑ ሆዱን በውሃ አለመሙላቱ ነው። ከሥሩ ጥቂት ሊትር ቀድቶ ያሞቃል፤ ያንኑ ውሃ በፓምፕ እየገፋ በክንዶቹ ቀዳዳዎች ይረጫል፤ የወረደውን አጣርቶ እንደገና ይረጫል። ክንዶቹን የሚያሽከረክራቸውም ሞተር ሳይሆን እየተተኮሰ የሚወጣው ውሃ ራሱ ነው። ሳህንን በብሩሽ ከመፈግፈግ ይልቅ በውሃ ግፊት የማጠብን ሐሳብ ለገበያ ያበቁት ጆሴፊን ኮክረን የተባሉ የኢሊኖይ ሴት ናቸው፤ የፈጠራ መብታቸውን በ1886 አስመዝግበው በ1893ቱ የቺካጎ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ አሳይተውታል። የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ነበሩ። ውሃው እየተቆጠበ ሲመጣ ግን ጊዜው ረዘመ፤ ዛሬ መደበኛው እጥበት ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ቢወስድ ማሽኑ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

አያጠራም የሚለው ክስ ግን መሠረት ነበረው። በ2010 ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ፎስፌት ከማሽን ሳሙና እንዲወጣ ሲያደርጉ ብርጭቆ ላይ ነጭ ጉም የመሰለ ነገር መቅረት ጀመረ። የዛሬው ሳሙና በኢንዛይም ይሠራል፤ አንዱ ስታርችን፣ ሌላው ፕሮቲንን ይፈታል። ስለዚህ ሳህኑን አስቀድሞ በውሃ ማለቅለቅ ድካም ብቻ ሳይሆን ጉዳትም አለው፤ የውሃውን ድፍርስነት የሚለካ መሣሪያ ያለው ማሽን ዕቃው እምብዛም አልቆሸሸም ብሎ እጥበቱን ያሳጥራል። የእንጀራ ፍርፋሪውንና አጥንቱን ጠርጎ መጣል ይበቃል። ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀጠለው ከሙቅ ውሃ መስመር ነው፤ ከማስነሳት በፊት የሲንኩን ቧንቧ ሙቅ ውሃ እስኪመጣ ከፍቶ ማቆየት የረጋ የቅቤ ወጥ ባለበት ቤት ትልቅ ልዩነት አለው።

አሁን ወደ መጠኑ። የተለመዱት ወርዶች ሁለት ናቸው፤ 24 ኢንችና 18 ኢንች፣ ወይም 60 እና 45 ሴንቲሜትር። ቤተሰባችን ትንሽ ነው፣ ትንሹ ይበቃናል ማለት ምክንያታዊ ይመስላል። ነገር ግን ጠባቡ የሚሸጠው በብዛት ስላልሆነ ተራውን ባለ 24 ኢንች በዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ክፍተቱ ቀድሞ የ24 ከሆነ ደግሞ የሚተርፈውን ቦታ መድፈን ሌላ ወጪ ይሆናል። ተራው ባለ 24 ኢንች ከ400 እስከ 600 ዶላር አካባቢ ይገኛል። ሁለት ሰዎች በሁለት ወይም በሦስት ቀን አንዴ ሞልተው ያስነሱታል፤ እንዳይሸት መሃል ላይ ማለቅለቂያ ብቻ የምትለውን ቁልፍ መጫን ነው። ጠባቡን የምመክረው ክፍተቱ ራሱ ጠባብ ለሆነበት ቤት ብቻ ነው።

ከመጠኑ በላይ የሚያስቸግረን የራሳችን ዕቃ ነው። የመደብር ማሳያ ላይ የሚደረደሩት ጠፍጣፋ የፈረንጅ ሳህኖች ናቸው፤ የእኛ የእንጀራ ትሪ ግን የላይኛው መደርደሪያ ከፍ ካላለ፣ አንዳንዴም ጨርሶ ካልወጣ አይገባም። ስለዚህ የትሪውን ስፋት በሜትር ለክቶ መሄድና የላይኛው መደርደሪያ ከፍ ዝቅ ይል እንደሆነ መደብሩ ውስጥ መሞከር ያስፈልጋል፤ ሻጩ ቢገረም ይገረም። ጀበና ሸክላ ስለሆነ ሳሙናውን ይመጥጣልና ማሽን ውስጥ አይግባ። ወርቅ ቅብ ጠርዝ ያለው ሲኒ ጌጡ ይለቅቃል፣ የአልሙኒየም ድስት ይጠቁራል፣ ማማሰያ ይሰነጠቃል። እርድ ያቀለመው ፕላስቲክ ደግሞ ማሽኑም አያስለቅቀው።

ገንዘብ ከተረፈ የሚወጣበት ቦታ ሁለት ነው። አንደኛው ውስጡ ከፕላስቲክ ይልቅ አይዝጌ ብረት የሆነ ማሽን ነው፤ ሙቀት ስለሚይዝ ዕቃው በተሻለ ይደርቃል። ሁለተኛው ድምፅ ነው፤ ወጥ ቤቱና ሳሎኑ አንድ በሆነበት አፓርታማ ከ50 ዴሲቤል በታች የሆነውን መፈለግ አያስቆጭም። ከስልክ ጋር የሚገናኘውን ግን ለሚወደው እንተወው። ዕቃውን የሚደረድረውና ሳሙናውን የሚጨምረው ሰው እስከሆነ ድረስ ከሌላ ክፍል ሆኖ ማስነሳት ምን እንደሚጠቅም አይገባኝም።

የማውጫ ፓምፕ ወይም የበር መቆለፊያ ብቻ ከሆነ የተበላሸው አሮጌውን ማስጠገን ይቀላል፤ የጥገናው ዋጋ የአዲሱን ግማሽ ሲያልፍ ነው መግዛት የሚያዋጣው። ተከራይ ከሆኑ ደግሞ መጀመሪያ ውሉን ያንብቡ፤ ማሽኑ ከቤቱ ጋር የመጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚቀይረው አከራዩ ነው።

ከመግዛት በፊት ወርዱን፣ ቁመቱንና ጥልቀቱን ይለኩ። ቁመቱ በተለይ ያታልላል፤ ወለሉ ላይ አዲስ ንጣፍ ሲነጠፍ አሮጌው ማሽን ከኋላው ይታሰርና እግሮቹን ዝቅ ካላደረጉ አይወጣም፣ አዲሱም አይገባም። የመብራት ገመድና የውሃ ቱቦ ከማሽኑ ጋር ላይመጡ ስለሚችሉ የተለጠፈው ዋጋ ምን ምን እንደሚጨምር፣ አሮጌውንም አምጪዎቹ ይዘውት ይሄዱ እንደሆነ መጠየቅ ነው። የቆሻሻ ውሃ ማውጫው ቱቦ ከሲንኩ ሥር ወደ ላይ ተጠምዝዞ ካልታሰረ የሲንኩ እጣቢ ተመልሶ ወደ ማሽኑ ይገባል።

ቅናሽ አግኝተው አንዱን ለእናታቸው አዲስ አበባ ለመላክ የሚያስቡም አሉ። የአሜሪካው ማሽን ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው፤ አገር ቤት ያለው 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ስለሆነ ለአውሮፓ ገበያ የተሠራው ይሻላል። ውሃው ከሮቶ የሚወርድ ከሆነም ከፍታውን ማየት ነው። አንድ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት 0.1 ባር ያህል ሲሆን፣ ብዙ ማሽኖች ቢያንስ 0.5 ባር ይፈልጋሉ። ሮቶው ከማሽኑ በላይ አምስት ሜትር ካልደረሰ የግፊት ፓምፕ ይጨመርለታል።