የትርፍና የአራጣ ድንበር በእስልምና ሕግ

ብዙ ሰው የእስልምና ሕግ ስለ ገንዘብ ምን እንደሚል ሲጠየቅ ወለድ መከልከሉን ብቻ ይናገርና ዝም ይላል። ይሁን እንጂ የሸሪዓ ሊቃውንት ስለ መሸጥና መግዛት፣ ስለ ሽርክና፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ ዋስትናና ስለ መያዣ የጻፉት ሐተታ እጅግ ሰፊ ነው፤ ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ ማለት የአል-በቀራ ምዕራፍ 282ኛው አንቀጽም፣ የሚያዝዘው እስከ ተወሰነ ጊዜ የሚቆይ ዕዳ በጽሑፍ ይሰፍር ዘንድ፣ ጸሐፊው በቅንነት ይጽፍ ዘንድ፣ ቃሉንም የሚያስጽፈው አበዳሪው ሳይሆን ባለዕዳው ራሱ ይሆን ዘንድ፣ ምስክሮችም ይቆሙ ዘንድ ነው።

ወለድን ማውገዝ በእስልምና ብቻ የተገኘ ሥርዐት አይደለም፤ ኦሪት ዘጸአት በ22ኛው ምዕራፍ ለድኻ ወገኑ ያበደረ ሰው ወለድ እንዳይጭንበት ታዝዛለች፤ ዳዊትም በ14ኛው መዝሙሩ የጻድቁን ሰው ምግባር ሲዘረዝር በአራጣ አለማበደሩን ከዚያው ይቈጥረዋል። እስልምና ግን ክልከላውን ከብድር አሳልፎ እስከ ገበያው ልውውጥ ድረስ አድርሶታል። የመጀመሪያው ሙአዚን፣ ሐበሻዊው ቢላል፣ ብርኒ የሚባለውን ምርጥ ተምር ይዞ ወደ ነቢዩ ሙሐመድ በቀረበ ጊዜ፣ ከየት እንዳመጣው ቢጠይቁት፣ ሷዕ በሚባለው መስፈሪያ ሁለት እጅ መናኛ ተምር ሰጥቶ በአንድ እጅ እንደለወጠው ነገራቸው፤ እርሳቸውም ይህ አራጣ መሆኑን ገልጠው፣ ወደፊት መናኛውን በገንዘብ ሸጦ በዚያው ገንዘብ መልካሙን እንዲገዛ አዘዙት።

ላይ ላዩን ለሚያየው ሁለቱም መንገድ የሚያደርሰው ከዚያው ተምር ነው፤ ነገር ግን በመካከሉ ገንዘብ ሲገባ የመናኛውም የምርጡም ዋጋ በገበያ ፊት ይታወቃል፣ በግምት የሚጐዳ ወገንም አይኖርም። ሕጉ በስም የተነገረው ስለ ወርቅ፣ ብር፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ተምርና ጨው ሲሆን፣ እያንዳንዱ በራሱ ዐይነት ሲለወጥ በመጠን እኩል፣ ርክክቡም እጅ በእጅ እንዲሆን ያስገድዳል። ስለዚህ ዛሬም ያረጀ ሐብሏን በአዲስ ልትለውጥ ወደ ወርቅ ቤት የገባች ሙስሊም ሴት፣ አሮጌውን በክብደት አስመዝና፣ ልዩነቱን ብቻ ከፍላ አዲሱን አንገቷ ላይ አድርጋ እንዳትወጣ ዑለማዎቹ ይመክሯታል፤ በቅድሚያ አሮጌውን ትሸጣለች፣ ዋጋውንም በእጇ ትቀበላለች፣ ከዚያ በኋላ አዲሱን ትገዛለች።

የዚህ ሁሉ ሥር፣ በእኔ አስተያየት፣ ጥቅም የሚገባው ኀላፊነት ለተሸከመ ሰው ነው የሚለው የፊቅህ፣ ማለት የእስልምና ሕግ ጥናት፣ መሠረታዊ ደንብ ነው። ነጋዴ ቢያተርፍ የሚወቅሰው የለም፤ ዕቃው በእጁ ሳለ ቢበላሽ ወይም ቢረክስ ጉዳቱ የራሱ ነበርና። በባሕር ያለ ዓሣና በሰማይ የሚበር ወፍ የማይሸጡት ደግሞ በሌላ ምክንያት ነው፤ ሻጩ ሊያስረክበው የማይችለውን ይሸጣል፣ ገዢውም ምን እንደ ገዛ አያውቅም። ሆኖም ሕጉ የገበሬውን ችግር አልዘነጋም፤ የመዲና ሰዎች ለፍሬ ከአንድና ከሁለት ዓመት በፊት ዋጋ ይቀባበሉ ስለ ነበር፣ ነቢዩ ልማዱን ሳይሽሩ፣ መስፈሪያው፣ ክብደቱና ቀኑ የታወቀ ይሁን ብለው አጸኑት፤ ይህ ሰለም የሚባለው ውል ነው።

በአገራችን ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ነባር ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት በተለየ መስኮት እንዲሰጡ ፈቀደ፤ ከዐሥር ዓመት በኋላም ዘምዘምና ሒጅራ ሥራቸው በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንኮች ሆነው ተከፈቱ። በእነዚህ ዘንድ የተለመደው ውል ሙራበሓ ነው። አንድ ሰው 400,000 ብር የሚያወጣ የእህል ወፍጮ ፈለገ እንበል፤ ባንኩ ጥሬ ገንዘቡን አይሰጠውም፣ ወፍጮውን ከአስመጪው ገዝቶ፣ የገዛበትንም ዋጋ ሳይደብቅ፣ 80,000 ብር ትርፍ ጨምሮ በ480,000 ብር ይሸጥለታል፣ ሰውየውም በ24 ወር ውስጥ በየወሩ 20,000 ብር ይከፍላል። ባንኩ ከገዛው በኋላ ለደንበኛው ሳይሸጠው ወፍጮው የተጫነበት መኪና ቢገለበጥ፣ ኪሳራው የባንኩ ነው፤ ከተሸጠም በኋላ ዋጋው አንዲት ሳንቲም አይጨምርም።

ታዲያ ይህ ወለድ ስሙን ቀይሮ የመጣ አይደለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ ሙስሊምም ሆነ ክርስቲያን፣ ያለ ምክንያት አልጠየቀም። ልዩነቱ ያለው ዕቃው በባንኩ እጅ በቆየባት አጭር ጊዜ ውስጥ ስለሆነ፣ ባንኩ በእርግጥ ከገዛና ከተረከበ ውሉ ንግድ ነው፤ ፊርማው ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ላይ በአንድ ሰዓት ተፈርሞ፣ ወፍጮውን ከባንኩ ወገን ማንም ሳያየውና ለአደጋውም ሳይጠየቅ ከቀረ ግን፣ ወቀሳው እውነት ነው ባይ ነኝ። ሊቃውንቱ ይበልጥ የሚያመሰግኑት ሙዳረባን ነው፤ አንዱ ገንዘብ፣ ሌላው ጉልበትና ዕውቀት አዋጥተው ትርፉን በተስማሙበት ድርሻ ሲካፈሉ፣ ኪሳራ ሲመጣ ባለገንዘቡ ገንዘቡን፣ ሠራተኛውም ድካሙን ያጣል። ነቢዩ ራሳቸው ከነቢይነታቸው በፊት በኋላ ሚስታቸው በሆኑት በኸዲጃ ገንዘብ ወደ ሻም (ሶርያ) የነገዱት በእንዲህ ያለ ስምምነት ነበር። ባንኮች ግን በየአገሩ ከዚህ ይሸሻሉ፤ አንዱን መዝገብ ለግብር ሰብሳቢ፣ ሌላውን ለራሱ ከሚጽፍ ነጋዴ ጋር ትርፍ መካፈል ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያውቁታልና።

የሙራበሓው የወር ክፍያ በቀኑ ባይገባስ? እዚህ ላይ ሕጉ ሁለት ሰዎችን ይለያል። በእርግጥ የቸገረውን ባለዕዳ፣ ቁርኣን እንደሚያዝዘው፣ እጁ እስኪፈታ ድረስ ይታገሡታል። እያለው የሚያዘገየው ግን በደለኛ ስለሆነ፣ ብዙ ባንኮች በውላቸው ውስጥ ቅጣት ያስገባሉ፤ ይሁንና ይህ ገንዘብ በዕዳ ላይ የተጨመረ ጥቅም እንዳይሆን ከባንኩ ገቢ ተለይቶ ይያዛል፣ የሸሪዓ አማካሪዎቹም እየተቈጣጠሩ ለበጎ አድራጎት ይውላል።