እሳቱ ለምጣድ ብቻ ሲሆን

ጉልቻ መሀል የሚነድ እሳት ሥራው ብዙ ነው። ምጣድ ያግላል፣ ድስት ያንተከትካል፣ ማታ ቤት ያበራል፣ በብርድ ወራት ልጆችን ያሞቃል። ጭሱም በከንቱ አይወጣም፤ ከምድጃው በላይ የተንጠለጠለውን የዘር ማሽላ ከነቀዝ ይጠብቃል፣ የጣሪያውን እንጨት ከተባይ ያድናል። በምዕራብ ሐረርጌ የጨርጨር ተራሮች፣ ከጭሮ ከተማ እስከ ቦኬና ገለምሶ ገጠር፣ ይህን ሁሉ አንድ እሳት ብቻውን ሲሠራው ኖሯል። ምርጥ ምድጃ የሚባለው የሲሚንቶ ምድጃ ቤት ሲገባ ግን እሳቱ ከሌላው ሥራ ሁሉ ተላቆ ለምጣዱ ብቻ ይሆናል። ጥቅሙም ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ምድጃው የተቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ የኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል ሲሆን የዓለም ባንክ ድጋፍ ነበረበት። በኋላ የጀርመኑ የልማት ድርጅት ጂቲዜድ፣ የዛሬው ጂአይዜድ፣ አምራቾችን እያሠለጠነ በየክልሉ አስፋፋው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የአየር ንብረት ለውጥን የሚቋቋም አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ደግሞ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ቅድሚያ ከተሰጣቸው ሥራዎች አንዱ ሆነ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሲሚንቶ ፑሚስ ከሚባል ድንጋይ ወይም ከቀይ አሸዋ ጋር ተለውሶ በብረት ቅርጽ ይመታል፤ ፑሚሱ ቀላልና ቀዳዳማ ስለሆነ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። ግድግዳው አራት ቁራጭ ነው፤ ሲገጣጠም ክብ ይሆንና 60 ሳንቲሜትር ገደማ ስፋት ያለውን ምጣድ ከላይ ይቀበላል። ፊት ለፊት የማገዶ አፍ አለው፤ ከኋላ ጭሱ የሚወጣበትና ድስት የሚቀመጥበት ክፍል ይቀጠልለታል። ቁራጮቹ ከቅርጹ ከወጡ በኋላ ለቀናት ውኃ እየጠጡ መጠንከር አለባቸው። ይህ ከተዘለለ ምድጃው በመጀመሪያዎቹ እሳቶች ይሰነጠቃል።

እቤት ሲተከል ትልቁ ጥንቃቄ የምጣዱ ጠርዝ ላይ ነው። ምጣድ በእጅ የሚሠራ የሸክላ ዕቃ በመሆኑ ፍጹም ክብ ሆኖ አይገኝም፤ ከአንዱ ጎን ይነሣል፣ ከሌላው ያንሳል። ስለዚህ ምጣዱ ከተቀመጠ በኋላ ዙሪያው በጭቃ ይለሰናል፣ የቁራጮቹ መገጣጠሚያም እንዲሁ። ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከቀረ ነበልባሉ በዚያ ይሾልካል፤ እንጀራውም በአንድ በኩል ያርራል፣ በሌላው ሊጥ ይሆናል። ምድጃው ማገዶ በላብኝ የሚል ሰው ከመማረሩ በፊት ልስኑን ቢያይ ይሻላል።

የቁጠባው ምሥጢር ሌላ አይደለም። ክፍት ጉልቻ ላይ አብዛኛው ሙቀት ወደ ጎን ይበተናል፤ ትንሽ ነፋስ ከገባማ ነበልባሉ ምጣዱን ትቶ ወደ ውጭ ይጋደማል። የታጠረ እሳት ግን መሄጃው ምጣዱ ሥር ነው፤ ተርፎ የሚወጣው ትኩስ ጭስ እንኳ ከኋላ ያለውን ድስት ሳያሞቅ አይወጣም። በሐረርጌ ቤት እዚያ ላይ ሆጃ የሚባለው መጠጥ ሊጣድ ይችላል፤ እንጀራው እስኪያልቅ የቡናው ገለባ ወይም ቅጠል በራሱ ጊዜ ሲፈላ ይቆያል፣ ወተቱ በመጨረሻ ይገባል። ለዚህ ተጨማሪ አንድ ጭራሮ አይነድበትም።

ስለ ምዕራብ ሐረርጌ ማገዶ ለይቶ መናገር ያስፈልጋል። እዚህ የሚነደው ግንድ ብቻ አይደለም፤ የማሽላ አገዳና የጫት እንጨትም ነው። ጫቱ ተቅሞ የሚቀረው ገረባ፣ ቀጭን እንጨቱ ከደረቀ፣ ለዚህ ምድጃ አፍ ይስማማል። አገዳው ግን ረጅም ነው፣ ቶሎ ነድዶ ያልቃል፤ ተሰብሮ ጥቂት በጥቂት መግባት አለበት። በጉልቻ እንደለመዱት እቅፍ ሙሉ ከተጠቀጠቀበት አፉ ይታፈንና ጭሱ ወደ ጋጋሪዋ ይመለሳል። አገዳው ደግሞ ሌላ ባለቤት አለው። በአገር የታወቀው የሐረር ሰንጋ ደጅ ታስሮ የሚቀለበው በዚሁ በማሽላው አገዳና ቅጠል ነው። ከምድጃው የተረፈ ሸክም አገዳ ለበሬው ቀለብ ነው፤ ለዚህ አገር ገበሬ ስለ ደን ከሚሰጥ ትምህርት ይልቅ ይህ ስሌት ይበልጥ የሚገባው ይመስለኛል። ደኑም ቢሆን ያሳዝናል። ጭሮ አጠገብ ለደጋ አጋዘን ተብሎ የተከለለው የቁኒ ሙክታር መጠለያ እንኳ ከመጥረቢያ አላመለጠም።

ቁጠባው ስንት ነው? በቤተ ሙከራ ሲለካ እስከ ግማሽ ይደርሳል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ፣ በገጠር ኢትዮጵያ ቤት ለቤት የተካሄደ ጥናት ያገኘው ግን ከ22 እስከ 31 በመቶ ነው፤ በዓመት ሲሰላ በአንድ ቤት 634 ኪሎ ያህል እንጨት ይሆናል። ከተስፋው ቢያንስም ትንሽ አይደለም። 634 ኪሎ እንጨት በማን ጀርባ እንደሚመጣ ለሚያውቅ ሰው ቁጥሩ ብዙ ይናገራል፤ ተሸካሚዎቹ ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው።

አሁን ወደ ጠፋው ሥራ ልመለስ። ምርጥ ምድጃ የገባበት ቤት ማታ ይጨልማል፤ ነበልባሉ ግድግዳ ውስጥ ነውና። የደጋው ብርድ ሲመጣ ዙሪያውን ተቀምጦ እጅ ማሞቅ የለም። ጭሱ ስለሚቀንስ የጋጋሪዋ ዓይንና ሳንባ ያርፋል፤ ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ትርፍ ነው፤ ነገር ግን በተሰቀለው ዘር ላይ የሚደርሰው ጭስም አብሮ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ብዙ ቤት ምድጃውን ተቀብሎ ጉልቻውንም ሳያነሣ የሚቀጥለው። ባለሙያዎች ይህን የቤተሰቡ ቸልተኝነት አድርገው ሲያቀርቡት እሰማለሁ፤ እኔ አልቀበለውም። ቤቱ አንድ እሳት የሚሠራውን ብዙ ሥራ ያውቃል፤ የተሰጠው ምትክ ግን ለአንዱ ብቻ ነው።

መፍትሔው ግን ሩቅ አይደለም። ብርሃኑን ትንሽ የሶላር መብራት ይተካዋል፤ ዛሬ በየገበያው አለ። ዘሩ በደንብ ደርቆ አየር በማያስገባ ከረጢት ቢታሰር ነቀዙ ውስጡ ታፍኖ ይሞታል፤ ጭስ አያስፈልገውም። ሙቀቱን መተካት ግን ይከብዳል። ለእሱ ጋቢና ብርድ ልብስ፣ በጣም በሚበርድባቸው ሌሊቶችም ከጋገራ በኋላ የተረፈው ፍም በከሰል ማንደጃ ወጥቶ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ቢሞቁት ነው፤ በተዘጋ ቤት የፍም ጋዝ ይገድላል። ምድጃ የሚያከፋፍል የወረዳ ባለሙያም ቁራጮቹን ከጋሪ ከማውረዱ በፊት የቤቱን እመቤት ሦስት ነገር ቢጠይቃት እወዳለሁ፦ ምጣድሽ ስንት ነው ስፋቱ፣ ማታ በምን ታያላችሁ፣ የዘር ማሽላችሁስ የት ነው የተሰቀለው?