«ቸርች»፣ «ክራይስት»፣ «ሳልም»፦ ለካቶሊክ ቤተሰቦች የተዘጋጁ የእንግሊዝኛ መልመጃዎች

በእንግሊዝኛ «ቸርች» እና «ክራይስት» የሚጀምሩት በአንድ ዓይነት ፊደላት ነው፤ በሲ እና በኤች። የመጀመሪያው ላይ «ቸ» የሚል ድምፅ ይሰጣሉ፣ ሁለተኛው ላይ «ከ»። መዝሙረ ዳዊትን የሚጠራው «ሳልም» ደግሞ የማይነበብ ፒ ከፊቱ ያስቀድማል። አሜሪካ ውስጥ ልጁን ቤት ለማስተማር የወሰነ ካቶሊክ ወላጅ የመልመጃ መጽሐፍ ሲመርጥ መጀመሪያ ማየት ያለበት እነዚህ ቃላት በስንተኛው ሳምንት፣ ከየትኞቹ ቃላት ጋር እንደሚመጡ ነው። ሽፋኑ ላይ ያለው የእመቤታችን ሥዕል ልብ ይስባል፤ ሕፃኑን የሚያስነብበው ግን የቃላቱ ቅደም ተከተል ነው።

ከእነዚህ መጻሕፍት ጀርባ ረጅም የካቶሊክ ትምህርት ታሪክ አለ። የአሜሪካ ጳጳሳት በ1884 ባልቲሞር ላይ ተሰብስበው እያንዳንዱ ደብር የራሱ ትምህርት ቤት እንዲኖረው ወሰኑ። በ1922 የኦሬገን ግዛት ሕፃናት ሁሉ የመንግሥት ትምህርት ቤት እንዲገቡ የሚያስገድድ ሕግ አጸደቀ፤ አንድ የመነኮሳይያት ማኅበር ከሶ ሕጉ በ1925 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደቀ። በ1965 ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ የልጆች የመጀመሪያዎቹና ዋነኞቹ አስተማሪዎች ወላጆች ናቸው ብሎ አወጀ። ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ካቶሊኮች ይህን አዋጅ እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል።

በ1980 የተቋቋመው ሲተን የቤት ትምህርት ቤት በካቶሊክ የቤት ትምህርት ዓለም ስሙ የገነነ ነው። ስያሜውን ያገኘው በ1774 ከተወለዱትና በሜሪላንድ ኤሚትስበርግ ትምህርት ቤት ከከፈቱት ከኤልዛቤት አን ሲተን ነው። አሜሪካ ተወልደው ለቅድስና ማዕረግ በመታወጅ እርሳቸው የመጀመሪያዋ ናቸው፤ ዓመቱ 1975 ነበር። ተቋሙ ቨርጂኒያ ውስጥ ፍሮንት ሮያል በምትባል ከተማ ተቀምጦ የራሱን መጻሕፍት ያሳትማል። «ለወጣት ካቶሊኮች» በሚል የጋራ ስም የሚወጡት እነዚህ መጻሕፍት የድምፅና ፊደል ትምህርቱን፣ ስፔሊንጉንና ሰዋስው ያለበትን እንግሊዝኛ በየራሳቸው ጥራዝ ያቀርባሉ።

ይህ መለያየት ትልቅ ጥቅም አለው። ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ የሦስተኛ ክፍል መጽሐፍ እያነበበች ስፔሊንጓ ገና አንደኛ ክፍል ላይ ሊሆን ይችላል። ማንበብ ያዩትን ማወቅ ነው፤ ስፔሊንግ ከባዶ ወረቀት ላይ አስታውሶ ማውጣት ነው፣ ይህኛው ይከብዳል። ወላጅ የክፍል ቁጥሩን አይቶ ሙሉ ጥቅል ከሚገዛ ይልቅ ለልጁ የሚስማማውን ደረጃ በየትምህርቱ ቢመርጥ ብዙ እንባ ይቀራል። ሁለተኛ ክፍል የገባ ልጅ የአንደኛ ክፍል ስፔሊንግ ቢሠራ ምንም ነውር የለውም።

ካቶሊክ ሄሪቴጅ ከሪኩላ የተባለው አሳታሚም ለስፔሊንግ «ማይ ካቶሊክ ስፔለር»፣ ለሰዋስው ደግሞ «ላንግዌጅ ኦቭ ጋድ» የሚሉ መጻሕፍት አሉት። ከሃይማኖት መጻሕፍት ውጭ የሚመርጡም አሉ። በ1911 የታተመው የኤማ ሰርል «ፕራይመሪ ላንግዌጅ ሌሰንስ» ካቶሊካዊ መጽሐፍ አይደለም፤ ሆኖም ላውራ በርክዊስት ክላሲካል ትምህርት ለሚፈልጉ ካቶሊክ ወላጆች ባዘጋጁት መመሪያ ውስጥ ቦታ አግኝቷል። ልጁ ባዶ ቦታ ከመሙላት ይልቅ አጭር ጽሑፍ ይገለብጣል፣ ሥዕል አይቶ ያወራል፣ ግጥም በቃሉ ይይዛል፣ ቃለ ጽሕፈት ይጽፋል። እጁ ገና ላልጠና ልጅ ይህ መንገድ ይራራለታል፤ ግማሹ ሥራ በአፍ ነውና።

ሃይማኖታዊ ቃላት በስፔሊንግ መጽሐፍ ውስጥ የሚፈጥሩት ችግር ብዙ ጊዜ ልብ አይባልም። ብዙዎቹ ከግሪክና ከላቲን የመጡ በመሆናቸው አጻጻፋቸው ከሌላው ቃል ያፈነግጣል። የገና ሰሞን ዝርዝር «ሼፐርድ»፣ «ኤንጅል» እና «ክራይስት»ን በአንድ ሳምንት ቢሰበስብ ለበዓሉ ያምራል፤ ሕፃኑ ግን ሦስት የማይገናኙ እንቆቅልሾች ይደረደሩበታል። «ሼፐርድ» ውስጥ ፒ እና ኤች ጎን ለጎን ቢቆሙም «ፎን» እንደሚለው ቃል «ፈ» አይሉም፤ ኤች ዝም ይላል። ምክንያቱም ቃሉ በግን ከጠባቂ ያጣመረ ነው። «ኤንጅል» ላይ ደግሞ ጂ «ጀ» ይላል። ልጁ ምክንያቱ ሳይገባው ይሸመድዳል፣ በሳምንቱ ይረሳል።

በጥሩ መጽሐፍ ውስጥ ግን ያው ሃይማኖታዊ ቃል የደንቡ ምሳሌ ይሆናል። ቅዳሴን የሚያመለክተው «ማስ» ኤስን ሁለት ጊዜ ይጽፋል። አጭር አናባቢ ያለው አጭር ቃል በኤስ፣ በኤል ወይም በኤፍ ሲያልቅ የመጨረሻው ፊደል ብዙ ጊዜ ይደገማል፤ «ግላስ»፣ «ሂል»፣ «ክሊፍ» እንደሚሉት። «ማስ» ከእነዚህ ጋር ሲመጣ ሕፃኑ እሑድ እሑድ የሚሰማውን ቃል ከደንቡ ጋር ይይዘዋል። «ቸርች»ም ከ«ቺን» እና ከ«ቼር» ጋር ይቀመጥ፤ «ክራይስት» ልጁ ሲበረታ ከ«ኮረስ» ጋር ይምጣ።

በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚኖሩ፣ አማርኛ የሚናገሩ ካቶሊክ ቤተሰቦችም ይህን ልብ ቢሉ ይጠቅማቸዋል። ፊደል የቆጠረ ልጅ ያየውን ፊደል በድምፁ መጥራት ለምዷል። እንግሊዝኛ ግን በ26 ፊደላት ወደ 44 የሚጠጉ ድምፆችን ይጽፋል፤ ስለዚህ አንዱ ፊደል ደርቦ ይሠራል። ለልጁ «ሀ፣ ሐ እና ኀ ድምፃቸው አንድ ሆኖ በየቃላቸው እንደሚጻፉ ሁሉ እዚያም በልማድ የሚያዝ አለ» ብሎ መንገር መንገዱን ያቀልለታል።

መጽሐፉ ከመገዛቱ በፊት ከመካከሉ አንድ ትምህርት ወስዶ ልጁን ማሠራት ይሻላል። ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ካለቀ መጠኑ ልክ ነው። በማግስቱ ወላጅ ቃላቱን መጽሐፉ ተዘግቶ ያጽፈው። ቨርጂኒያ ውስጥ ቤት የሚያስተምር ወላጅ በየዓመቱ እስከ ነሐሴ ወር አጋማሽ ለወረዳው ትምህርት ቢሮ ያሳውቃል፤ በቀጣዩ ነሐሴ መጀመሪያ ደግሞ የልጁን መሻሻል የሚያሳይ ማስረጃ ያቀርባል። ቀን የተጻፈባቸው የቃለ ጽሕፈት ወረቀቶች በአንድ ፋይል ቢቀመጡ፣ በመስከረም ኤች የጎደለው «ክራይስት» በግንቦት ተስተካክሎ ይገኝበታል።